ውሃ ሳይዙ «ተወከልቱ» ማለት

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

ምስጋና ሁሉ የብሱንና ባሕሩን ለአደም ልጆች ላገራው ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ.) የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም በረሃውን እያቋረጡ ዲኑን ላደረሱን ለነቢያችን ለሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ ለቤተሰቦቻቸውና ለባልደረቦቻቸው ይሁን።



የተፍኪ ሰው የውሃን ነገር የሚያውቀው ከማነሱ ሳይሆን ከመብዛቱ ነው። ክረምት ሲገባ የበቾ ሜዳ ጥቁር አፈር ውሃውን አልውጥ ብሎ ሜዳው ሐይቅ ይመስላል። ሰውም ከብቱም ጭቃ ሲረግጥ ይውላል። ከጊንጪ አካባቢ ተነስቶ በዚሁ ሜዳ የሚያልፈው አዋሽ ግን መጨረሻው ሌላ ነው። ወደ 1200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ፣ ባሕር ሳይደርስ፣ በአፋር በረሃ በጅቡቲ ወሰን ላይ ባለው አቤ ሐይቅ ውስጥ ይቀራል። እዚህ ሞልቶ የሚያስቸግረን ውሃ እዚያ ሲደርስ የነፍስ ዋጋ አለው።

ከሰበታ፣ ከዓለም ገና፣ ከተፍኪና ከቱሉ ቦሎ እየተነሱ የወንዙን ቁልቁለት ተከትለው የሚወርዱ ወንድሞች አሉን። ሾፌሮችና ረዳቶች ናቸው። በግንቦት 1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ከተነሳ ወዲህ የአሰብ መንገድ በመዘጋቱ የሀገሪቱ ገቢና ወጪ ዕቃ አብዛኛው በጅቡቲ በኩል ሆኗል። በመስከረም 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር መነሻው ሰበታ ቢሆንም፣ አብዛኛውን ጭነት የሚሸከመው ዛሬም ተሳቢ መኪና ነው። ስለዚህ ከ2000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው ደጋ ያደገ ልጅ በአንድ ቀን ከብርድ ወጥቶ እሳት ውስጥ ይገባል። ወደ 900 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነውን መንገድ በአዋሽ፣ በገዋኔ፣ በሚሌ፣ በሎጊያና በዲቼቶ አድርጎ እስከ ጋላፊ ኬላ፣ ከዚያም እስከ ወደቡ ይነዳል።

ከእነዚህ ወንድሞች አንዱን «ስንት ሊትር ውሃ ይዘሃል?» ብላችሁ ብትጠይቁት ብዙ ጊዜ የምታገኙት መልስ «አላህ አለ» የሚል ነው። «ጎማው አላለቀም ወይ?» ብትሉትም «ተወከልቱ ዐለላህ» ይላችኋል። ቃሉ እውነት ነው፤ ከዚህ የበለጠ እውነትም የለም። ጥያቄው ቃሉ በቦታው ውሏል ወይ? የሚለው ነው። የዛሬው ጽሑፋችንም በዚህ ላይ ያተኩራል።

የተወኩል ትክክለኛ ትርጉም

በአላህ መመካት የልብ ሥራ ነው። ሰበቡን ማድረስ ደግሞ የእጅ ሥራ ነው። አንዱ ሌላውን አይተካም። ቲርሚዚ በዘገቡት ሐዲስ፣ አንድ ሰው ግመሉን ሳያስር ትቶ በአላህ መመካት ይችል እንደሆነ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ቢጠይቅ፣ መጀመሪያ እንዲያስራት፣ ከዚያ በኋላ እንዲመካ ነግረውታል። ቅደም ተከተሉን እናስተውል። ገመዱ ይቀድማል፤ መመካቱ ይከተላል።

በቡኻሪ የተዘገበው የኢብን ዐባስ (ረ.ዐ.) ሐዲስ ደግሞ ከበረሃ መንገደኛ ጉዳይ ጋር በቀጥታ ይገናኛል። ከየመን ለሐጅ የሚመጡ ሰዎች ስንቅ ሳይዙ ይጓዙ ነበር። «እኛ በአላህ የምንመካ ነን» ይሉም ነበር። መካ ሲደርሱ ግን ሰው ይለምናሉ። በዚህ ምክንያት የሱረቱል በቀራ ቁጥር 197 መልእክት ወረደ። መንገደኛ እንዲሰንቅ፣ ከስንቅም ሁሉ በላጩ አላህን መፍራት መሆኑን አስታወቀ። ከፊሎቻችን የአንቀጹን መጨረሻ ብቻ ይዘን «ስንቅ ተቅዋ ነው» እንላለን። አንቀጹ የወረደው ግን በመጀመሪያ ስለ ዱቄቱና ስለ ውሃው ነው። አላህ «ስንቅ ያዙ» ባለበት ጉዳይ ስንቅ አለመያዝ ተቅዋ ሊሆን አይችልም።

ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ የራሳቸው የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሂጅራ ነው። ከእርሳቸው በላይ በአላህ የሚመካ ማን ነው? ከሰው ሁሉ እንደሚጠብቃቸው አላህ ቃል የገባላቸው ነቢይ ናቸው። ሆኖም ከመካ ሲወጡ ያደረጉትን እንመልከት። ሁለት ጠንካራ ግመሎች አስቀድመው ተዘጋጁ። የአቡበክር ልጅ አስማእ (ረ.ዐ.) ስንቅ አሰናዳች። ወንድሟ ዐብደላህ (ረ.ዐ.) ቀን የሰማውን ወሬ ሌሊት እያመጣ ይነግራቸው ነበር። ዓሚር ቢን ፉሀይራ (ረ.ዐ.) ወተት ያቀርብላቸው ነበር። ሦስት ሌሊት በሠውር ዋሻ ቆዩ። ከዚያም የተለመደውን መንገድ ትተው በባሕሩ ዳርቻ በኩል ሄዱ። መንገዱን የመራቸው የበረሃውን ጎዳና ጠንቅቆ የሚያውቅ የበኒ ዲል ሰው ሲሆን ያን ጊዜ ሙስሊም አልነበረም። ይህ ሁሉ ዝግጅት ከተደረገ በኋላ ጠላት ዋሻው አፍ ላይ በደረሰ ጊዜ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ጓደኛቸውን አላህ ከእኛ ጋር ነው ብለው አጽናኑት። ተወኩል ማለት ይህ ነው። የሚቻለው ሁሉ ከተደረገ በኋላ የማይቻለውን ለአላህ መተው ነው።

«ቀዷ ነው» ለሚሉም መልሱ በዑመር (ረ.ዐ.) ታሪክ ውስጥ ይገኛል። ወደ ሻም ሲጓዙ ወረርሽኝ መግባቱን ሰሙና ከመንገድ ተመለሱ። አቡ ዑበይዳ (ረ.ዐ.) ከአላህ ውሳኔ መሸሽ ነው ወይ ብለው ቢጠይቋቸው፣ ከአላህ ውሳኔ ወደ አላህ ውሳኔ እንደሚሸሹ መለሱላቸው። የተላጠ ጎማ መፈንዳቱ ቀደር ከሆነ፣ ጎማውን ጠዋት አይቶ መቀየርም ቀደር ነው። ውሃ ማለቁ ቀደር ከሆነ፣ ጀሪካን ሞልቶ መነሳትም ቀደር ነው። ታዲያ ሰው ስለ ምን ሁልጊዜ ክፉውን ቀደር ይመርጣል?

በረሃው እንዴት ይገድላል?

የማያውቁትን ነገር መጠንቀቅ አይቻልም። የአፋር ዝቅተኛ ምድር ከዓለም ሞቃት ቦታዎች አንዱ ነው። ከጅቡቲ መንገድ በስተሰሜን በሚገኘው ዳሎል እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1966 በተደረገው ልኬት የዓመቱ አማካይ ሙቀት 34.6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሆኗል። ይህ ቀንና ሌሊቱ፣ በጋና ክረምቱ ተደምሮ ነው። በሰመራና በሎጊያ አካባቢም በግንቦትና በሰኔ ከ40 ዲግሪ በላይ መሆኑ የተለመደ ነው።

በዚህ ሙቀት ውስጥ የሰው አካል ራሱን የሚያቀዘቅዘው በላብ ነው። ደረቅ አየር ላቡን ወዲያው ስለሚያተነው ሰውየው ውሃ እየወጣው መሆኑን እንኳ ልብ አይለውም። ውሃው ሲጎድልበት ራሱን ያመዋል፣ ያቅለሸልሸዋል፣ ጡንቻው ይጨብጠዋል። ከዚያ አልፎ ሰውነቱ እንደ ምጣድ ከጋለ፣ ንግግሩ ከተዘባረቀ፣ የት እንዳለ ከጠፋበት ነገሩ ለሞት ደርሷል። እንዲህ የሆነን ሰው ጥላ ውስጥ ማስተኛት፣ ልብሱን ማላላት፣ ሰውነቱን በውሃ ማራስና በጨርቅ ማራገብ፣ ወደ ሐኪምም ማድረስ ያስፈልጋል። ራሱን የሳተን ሰው በግድ ውሃ ማጠጣት ግን ያንቀዋል።

በረሃው የሚገድለው በሙቀት ብቻ አይደለም። በውሃም ይገድላል። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ድሬዳዋ ላይ የደረሰውን አንረሳም። ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ብቻ የሚታይበት ደረቅ ወንዝ ነው። በላይኛው ደጋ የዘነበው ዝናብ በሌሊት ወርዶ ከ200 በላይ ሰዎችን ጠርጎ ወሰደ። በአፋርም ከወሎና ከሸዋ ደጋ የሚወርዱ ደረቅ ወንዞች ጠባያቸው ይኸው ነው። እናንተ ያላችሁበት ሰማይ ጥርት ያለ ሊሆን ይችላል፤ ደጋው ግን ጥሎበታል። ስለዚህ በደረቅ ወንዝ ውስጥ መኪና አቁሞ ማደር አይገባም። ጎርፍ ሲመጣም «ጥልቀቱ ትንሽ ነው» ብሎ መሻገር አይገባም። ይጎድላል፤ ቆሞ መጠበቅ ነው።

ከመነሳት በፊት

ወንድሜ ሾፌር ሆይ፣ ጉዞህን በዱዓ ጀምር። በሱረቱ ዙኽሩፍ ቁጥር 13 እና 14 ላይ የተመለከተው የመሣፈሪያ ዱዓ መጓጓዣውን ያገራልንን ጌታ የሚያጠራ፣ መመለሻችንም ወደ እርሱ መሆኑን የሚያስታውስ ነው። መሪ ጨብጦ ወደ ጌታው መመለሱን የሚያስታውስ ሰው ሲነዳ መጠንቀቁ አይቀርም። ዱዓውን ካደረግህ በኋላ ውረድና መኪናውን እይ። ጎማውን ጠዋት ሳይግል ለካው። አየር ያነሰውና ጭነት የበዛበት ጎማ በጋለ አስፋልት ላይ ይፈነዳልና። የራዲያተሩን ውሃ፣ ዘይቱን፣ ፍሬኑን፣ ቺንጋውን ተመልከት። ክሪክ፣ ተቀያሪ ጎማና የሌሊት መብራት ይኑርህ። ለመጠጥ የሚሆን ውሃ ለአንድ ሰው በቀን ከ5 ሊትር አያንስ። መኪናው ቢበላሽ የሚያቆይ የአንድ ወይም የሁለት ቀን ትርፍ ጨምርበት። ረዳትህን መቁጠር አትርሳ። የራዲያተሩ ውሃ ከመጠጡ ውሃ የተለየ ይሁን። ራዲያተር ውስጥ የነበረ ውሃ አይጠጣም፤ መርዝ ሊኖርበት ይችላል።

ለሰውም ንገር። በቡኻሪና ሙስሊም በተዘገበው የከዕብ ቢን ማሊክ (ረ.ዐ.) ሐዲስ እንደምናነበው፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ለዘመቻ ሲወጡ መድረሻቸውን ይሰውሩ ነበር። በ9ኛው ዓመተ ሒጅራ ወደ ተቡክ ሲዘምቱ ግን ሙቀቱ የበረታ፣ መንገዱ ሩቅ፣ በረሃውም ሰፊ ስለነበር ሰው እንዲዘጋጅ በግልጽ ተናገሩ። አንተም በየት እንደምትሄድ፣ የት እንደምታድር፣ መቼ እንደምትደርስ ለቤተሰብህና ለባልደረባህ ነግረህ ውጣ። ስልክ የማይሠራበት ቦታ ብዙ ነው። መዘግየትህን የሚያውቅ ሰው ከሌለ የሚፈልግህም አይኖርም።

ብቻህን አትውረድ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በብቸኝነት ያለውን አደጋ ሰዎች ቢያውቁት ኖሮ ማንም በሌሊት ብቻውን እንደማይጓዝ ማስተማራቸውን ቡኻሪ ዘግበዋል። ሦስት ሆነው ለሚጓዙም ከመካከላቸው አንዱን አሚር እንዲያደርጉ ማዘዛቸውን አቡ ዳውድ ዘግበዋል። ሁለትና ሦስት መኪና ሆኖ መሄድ፣ ከመካከልም «እዚህ እናርፋለን፣ ከዚህ በላይ አንሄድም» የሚል አንድ ሰው መምረጥ ሱናም ነው፤ ብልኅነትም ነው። ሁሉም አለቃ በሆነበት ጉዞ «እንቁም» የሚል አይገኝም።

ከዋናው አስፋልት ወጥተህ ወደማታውቀው ስፍራ ከሆነ ጉዞህ ያገሩን ሰው ይዘህ ሂድ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መንገድ የሚያውቅ ሰው በዋጋ ቀጥረው ከተጓዙ፣ እኛ ማን ሆነን ነው «አውቀዋለሁ» የምንለው? የአፋር ወንድሞቻችን «ዳጉ» የሚሉት የቆየ ልማድ አላቸው። ሁለት ሰዎች በመንገድ ሲገናኙ ቆመው ያዩትንና የሰሙትን ሁሉ በዝርዝር ይለዋወጣሉ። ውሃ የት እንዳለ፣ ዝናብ የት እንደዘነበ፣ መንገዱ ሰላም መሆን አለመሆኑን ይነጋገራሉ። የከተማ ሰው ቸኩሎ ጥሩምባ እየነፋ ያልፋቸዋል። ሰላምታ ሰጥቶ የጠየቀ ግን ከማንኛውም ካርታ የበለጠ ወሬ ያገኛል።

መኪናው ቢቆምስ?

በሙስሊም የተዘገበ አንድ ሐዲስ ዛሬ ለሾፌሮች የተነገረ ይመስላል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መንገደኛ ሌሊት ለማረፍ ሲሰፍር ከመንገዱ ገለል እንዲል መክረዋል፤ መንገድ በሌሊት የእንስሳትና የተናዳፊዎች መተላለፊያ ነውና። ዛሬ ከእንስሳቱ ሌላ 40 ቶን የጫነ ተሳቢም ያልፍበታል። መኪናህ ሲበላሽ የቻልከውን ያህል ከአስፋልቱ አውጣው። ምልክትህን ከፊትም ከኋላም አርቀህ አድርግ።

ከዚያ በኋላ ትልቁ ምክር ይህ ነው፤ መኪናህን ትተህ አትሂድ። መኪና ከሩቅ ይታያል፤ ሰው ግን አይታይም። መኪና ጥላ አለው፤ በረሃው ግን የለውም። በሱረቱ ኑር ቁጥር 39 ላይ አላህ (ሱ.ወ.) የከሃዲያንን ሥራ በሜዳ ላይ በሚታይ ሰራብ መስሎታል። የጠማው ሰው ውሃ ነው ብሎ ይገሰግሳል፤ ሲደርስ ግን ምንም አያገኝም። ምሳሌው ለእምነት የተሰጠ ቢሆንም በረሃ የወረደ ሰው በዓይኑ ያየዋል። «እዚያ ማዶ ውሃ ይታየኛል» ብሎ በቀትር የተነሳ ሰው የመመለስ ዕድሉ ጠባብ ነው።

ቀን በመኪናው ጥላ ሥር ተቀመጥ። ጋቢናው ውስጥ ግን አይደለም፤ እንደ ምድጃ ይግላልና። ልብስህን አታውልቅ፤ ራስህን ሸፍን። ሲጠማህ ጠጣ፤ ውሃውን ለነገ ብለህ እየተጠማህ አትቀመጥ። የሚቆጠበው ላብ ነው። ላብ ደግሞ የሚቆጠበው በፀሐይ ባለመንቀሳቀስ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የፊቅህ ጉዳይ ማንሳት የግድ ነው። አንዳንድ ደጋግ ወንድሞቻችን የቀረቻቸውን ጥቂት ውሃ ለውዱእ ያውሏታል። ይህ ከዲን ፍቅር የመጣ ቢሆንም ዲኑ ያዘዘው አይደለም። ጥምን የሚፈራ መንገደኛ ውሃውን ለመጠጥ አስቀምጦ ተየሙም እንደሚያደርግ ዑለማዎች የተስማሙበት ነው። የተየሙም ፈቃድ በሱረቱ ኒሳእ ቁጥር 43 እና በሱረቱል ማኢዳ ቁጥር 6 ላይ ተደንግጓል። ዐምር ቢኑል ዓስ (ረ.ዐ.) በዘመቻ ላይ በበረታ ብርድ ሌሊት መታጠብ ሲገባቸው ተየሙም አድርገው አሰገዱ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሲጠይቋቸው አላህ ነፍሳችንን እንዳንገድል መከልከሉን አስታወሱ። ነቢዩም ፈገግ ከማለት በቀር አልተቃወሟቸውም። አቡ ዳውድ ዘግበውታል። በብርድ እንዲህ ከሆነ በጥም እንዴት ይሆናል?

የረመዳን ጾምም እንዲሁ ነው። አላህ ለመንገደኛ በሌላ ቀን እንዲከፍል ፈቅዷል። በቡኻሪና ሙስሊም እንደተዘገበው፣ በጉዞ ላይ ሆኖ ጾሙ ያደከመው፣ ሰዎችም ከበው ጥላ የያዙለት ሰው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አይተው፣ በጉዞ ላይ እንዲህ ሆኖ መጾም ከደግነት እንዳልሆነ ተናግረዋል። ያ ሰው የሚጎዳው ራሱን ብቻ ነበር። ዓይኑ እየጨለመበት ቦቴ የሚነዳ ጾመኛ ግን በሌላም ሰው ነፍስ ላይ ነው የሚጫወተው። አላህ የሰጠንን ማቅለያ መቀበል የእምነት መላላት አይደለም።

እንቅልፍ፣ ጫትና የሰው ነፍስ

ከሙቀቱ የማያንስ ገዳይ እንቅልፍ ነው። ሜዳው ቀጥ ያለ፣ መንገዱ አንድ ዓይነት፣ ሌሊቱ ቀዝቃዛ ነው። ሾፌሩ «ሌሊት ልንዳና ሙቀቱን ላምልጥ» ይላል። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም። ነገር ግን ቀን ሙሉ በሙቀት ሳይተኛ ውሎ ነው ሌሊት የሚነዳው። መንቂያውም ጫት ይሆናል።

ስለ ጫት ሸሪዓዊ ብያኔ ዑለማዎች የተናገሩትን እዚህ አንመረምርም። የምንለው አንድ ነገር ነው። ጫት እንቅልፍን ያዘገያል እንጂ ድካምን አያስቀርም። ምርቃናው ሲወርድ የተጠራቀመው ድካም በአንድ ጊዜ ይወድቅበታል። ያን ጊዜ ከፊቱ ግመል ቆሞ ይሁን፣ ሰው ተኝቶ ይሁን፣ መኪና ተበላሽቶ ይሁን አያይም።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በሰላት ላይ ያንጎላጀ ሰው እንቅልፉ እስኪለቀው እንዲተኛ ማዘዛቸው ከዓኢሻ (ረ.ዐ.) ተዘግቧል፤ የሚለውን ሳያውቅ ራሱን ሊረግም ይችላልና። ልብ እንበል። ሰላት ከዒባዳዎች ሁሉ ዋናው ነው። እንቅልፍ ያሸነፈው ሰው በሰላት ላይ እንኳ እንዳይቆይ ከታዘዘ፣ በመሪ ላይ እንዴት ይፈቀድለታል? በሰላት ላይ የሚሳሳተው ምላሱ ነው፤ በመሪ ላይ የሚሳሳተው ግን ሰው ይገድላል።

ነገሩ በዚህ ዓለም ብቻ አያበቃም። በሱረቱ ኒሳእ ቁጥር 92 መሠረት ሙእሚንን በስሕተት የገደለ ሰው ለሟች ቤተሰብ ደም ካሳ ይከፈላል። ገዳዩም ባሪያ ነፃ ያወጣል፤ ያላገኘ ሁለት ወር በተከታታይ ይጾማል። ባሪያ ነፃ ማውጣት በዘመናችን ስለሌለ የሚቀረው ጾሙ ነው። ብዙዎቹ ዑለማዎች ለእያንዳንዱ ነፍስ ራሱን የቻለ ማካካሻ እንዳለበት ይናገራሉ። አንድ አውቶቡስ ሙሉ ሰው በአንድ ማንጎላጀት ቢያልቅ ዕድሜ ልክ ተጹሞ ይከፈላል ወይ? «ፖሊስ ለቀቀኝ፣ ኢንሹራንስ ከፈለልኝ» ማለት በአላህ ፊት መልስ አይሆንም።

መርካቶ ለተቀመጣችሁ

እስካሁን ሾፌሩን ስንመክር ቆየን። ፍትሕ ግን ሌላውንም ወገን እንድንናገር ያስገድደናል። ሾፌሩ ለምን ይቸኩላል? የሚያስቸኩለው ስላለ ነው። መርካቶ ወይም ቦሌ ተቀምጦ በየሰዓቱ «የት ደረስክ?» እያለ የሚደውል ባለንብረት አለ። ክፍያውን በምልልስ ብዛት ያሰረ አለ። «ጎማው አንድ ጉዞ ይችላል» ብሎ የላከ አለ። ከሚገባው በላይ አስጭኖ «አላህ ያግርልህ» ብሎ የሸኘ አለ። ከእነዚህም ውስጥ የመጀመሪያው ሰልፍ ላይ የሚሰግዱ፣ ለመስጂድ ግንባታ እጃቸው የማያጥር ወንድሞች አሉ።

ወንድሞቼ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) እያንዳንዳችን እረኞች መሆናችንን፣ ስለምንጠብቀውም እንደምንጠየቅ አስተምረዋል። በአቡ ዘር (ረ.ዐ.) ሐዲስም በእጃችን ሥር ያሉት ወንድሞቻችን መሆናቸውን፣ ከአቅማቸው በላይ እንዳንጭንባቸው፣ ከጫንንም እንድናግዛቸው ነግረውናል። በሁለት ሌሊት ሊነዳ የማይገባውን በአንድ ሌሊት ንዳ ማለት ከአቅም በላይ መጫን ነው። ጎማው እንዳለቀ እያወቀ የላከ ሰው የተገኘውን ትርፍ ሐላል ነው ከማለቱ በፊት ቆም ብሎ ያስብ።

የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም። የማረፊያ ሰዓትን በውል ውስጥ ማስገባት፣ ረጅም መንገድ ላይ ሁለት ሾፌር መመደብ፣ ጎማውን በጊዜው መቀየር፣ የውሃ ጀሪካኑን እንደ ናፍጣው የጉዞ ወጪ አድርጎ መቁጠር ነው። አንድ ቀን የዘገየ ኮንቴይነር ትርፍ ይቀንስ ይሆናል። የሾፌሩን ወላጅ አልባ ልጆች ግን የትኛው ትርፍ ያሳድጋቸዋል?

መንገዱ የሌላም ሰው ነው

በመጨረሻ፣ የበረሃ መንገድ የወንድምነት መፈተኛ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በትንሣኤ ቀን አላህ ከማይመለከታቸው ሦስት ሰዎች አንዱ በመንገድ ላይ ትርፍ ውሃ እያለው ለመንገደኛ የከለከለ መሆኑን ተናግረዋል። ለውሻ ውሃ ያጠጣ ሰው ደግሞ በዚያው ሥራው ኃጢአቱ ተምሮለታል። ሁለቱም በቡኻሪና በሙስሊም የተዘገቡ ናቸው። በአንዱና በሌላው መካከል ያለው ልዩነት አንድ ኮዳ ውሃ ነው።

ከሀገራችን ገጠሮች ተነስተው፣ የመን ለመሻገር ሲሉ በጅቡቲ በረሃ ውስጥ እስከ ኦቦክ የባሕር ዳርቻ በእግራቸው የሚሄዱ ወጣቶች መኖራቸውን ሁላችን እናውቃለን። ሾፌሮች ያዩአቸዋል። ሰውን በገንዘብ አሾልኮ ማጓጓዝ ወንጀልም ኃጢአትም ነው፤ በዚህ አንተባበር። ነገር ግን ለተጠማ ሰው ውሃ ማውረድ፣ የወደቀውን ለሕክምናና ለሚመለከተው አካል ማሳወቅ ወንጀል አይደለም። በሱረቱል ማኢዳ ቁጥር 32 መልእክት መሠረት አንዲትን ነፍስ ያዳነ ሰዎችን ሁሉ እንዳዳነ ይቆጠራል። ለእነዚያ ወጣቶች ቤተሰብ የምንለውም አለ። ልጃችሁን በዚያ መንገድ መላክ ውሃ የሌለበት ተወኩል ነው።

አንድ ነገር እንጨምር። መኪና ሲበላሽ ከጎማው ሥር ድንጋይ ይደረጋል፤ ለምልክትም ድንጋይ ይደረደራል። መኪናው ተጠግኖ ሲሄድ ድንጋዩ አስፋልት ላይ ይቀራል። ሌሊት የሚመጣው ሌላ ሾፌር ይመታዋል። ጎጂ ነገርን ከመንገድ ማስወገድ ከእምነት ቅርንጫፎች አንዱ መሆኑን ሕፃናት በመድረሳ ይማራሉ። ወርዶ ድንጋዩን ማንሳት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። የተወው ሰው ግን ከእምነት ቅርንጫፍ አንዱን አስፋልት ላይ ትቶ ሄዷል።

የኢስማዒል እናት ሃጀር (ዐ.ሰ.) ያለ ዘመድና ያለ ሰብል ሸለቆ ውስጥ በቀሩ ጊዜ፣ አላህ ያዘዘው ከሆነ እንደማይጥላቸው ተናግረው ነበር። ከዚያ በላይ ተወኩል የለም። ውሃው ሲያልቅ ግን አልተቀመጡም። በሰፋና በመርዋ መካከል ሰባት ጊዜ ተመላለሱ። ዘምዘም የፈለቀው ከዚያ በኋላ ነው። ዛሬ ሐጅ የሚያደርግ ሙስሊም ሁሉ ያን ሩጫ እንዲደግመው መታዘዙ፣ በአላህ መመካትና መልፋት የማይነጣጠሉ መሆናቸውን እንዳንረሳ ነው።

ስለዚህ ወንድሜ፣ ጀሪካንህን ሙላ፣ ጎማህን እይ፣ ተኛ፣ ጓደኛ ያዝ። ከዚያ በኋላ በሙሉ ልብህ «ተወከልቱ ዐለላህ» በል። ያን ጊዜ ቃሉ በቦታው ይውላል።

አላህ (ሱ.ወ.) በመንገድ ላይ ያሉትን በሰላም ለቤታቸው ያብቃቸው፤ በበረሃ የቀሩትን ይማርልን፤ ለቤተሰቦቻቸውም ሶብሩን ይስጣቸው። አሚን።

ወላሁ አዕለም። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱሁ።